59 ዓመት የፈጀው ህንፃ፦ የማዲሰኑ ሞኖና ቴራስ

ለምን ይሄን ጉዳይ

እዚህ ያለው ኮሚዩኒቲያችን የራሱ አዳራሽ ይኑረው ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ፣ እኔም ሳልወድ በግድ ገባሁበት። ሶስተኛው ስብሰባ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ፣ የምንጨቃጨቀው ስለ አዳራሹ አይደለም እኮ፣ ሀሳቡን ማን አመጣው በሚለው ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ይቃወማል፣ ያው ሀሳብ በሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ደሞ ይጨበጨብለታል። አንድ አርክቴክት ወዳጄ ይሄን ሳማርርለት ስቆ አሜሪካ ውስጥ ማዲሰን በምትባል ከተማ ያለውን የሞኖና ቴራስን ህንፃ ታሪክ እንዳነብ ነገረኝ። አነበብኩት፣ ከዛ ልጽፈው ወሰንኩ፣ ምክንያቱም አንድ ህንፃ በሰው ጥላቻ፣ በገንዘብና በህግ ተይዞ እንዴት ስልሳ ዓመት ሊቆም እንደሚችል፣ ከዛም እንዴት እንደሚላቀቅ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጉዳይ አላገኘሁም።

ህንፃውን ከነደፈው አርክቴክት ከፍራንክ ሎይድ ራይት በስተቀር ሰዎቹን በስም አልጠራም፣ ከንቲባው ከንቲባ ነው፣ ተቃዋሚውም ተቃዋሚ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቦታውና ሰውዬው

ማዲሰን የዊስኮንሲን ግዛት ዋና ከተማ ናት። መሀል ከተማው ሜንዶታና ሞኖና በሚባሉ ሁለት ሀይቆች መሀል በተዘረጋች ጠባብ መሬት ላይ ነው የተቀመጠው፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ደሞ ጉልላት ያለው የግዛቱ ምክር ቤት ህንፃ አለ። ከምክር ቤቱ ደጃፍ ተነስቶ ወደ ሞኖና ሀይቅ የሚወርድ ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ አለ፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ችግሩ ግን መንገዱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ሀይቁ ጋር አትደርስም ነበር። ከስርህ ገደል፣ ከገደሉ ስር የባቡር ሀዲድ፣ ከሀዲዱ ወዲያ ውሃው። ሀይቁን ታየዋለህ እንጂ አትነካውም። በ1909 አንድ የታወቀ የከተማ ፕላነር ከተማዋና ሀይቁ በሰፊ አደባባይ ይገናኙ ብሎ ፕላን አወጣ፣ ወረቀት ላይ ቀረ።

ፍራንክ ሎይድ ራይት ደሞ የዛው አገር ልጅ ነው። በ1867 ዊስኮንሲን ተወለደ፣ ልጅነቱን በከፊል ማዲሰን አሳለፈ፣ እዛው ዩኒቨርሲቲ ትንሽ ተምሮ ጥሎ ወጣ። በኋላ ከከተማዋ በስተምዕራብ ገጠር ውስጥ ታሊሰን የሚባል ቤቱንና ስቱዲዮውን ሰራ፣ ተማሪዎች ሰብስቦ እዛው ያስተምር ነበር። በዓለም ላይ በፏፏቴ ላይ በተሰራው ቤትና በኒውዮርኩ ጉገንሃይም ሙዚየም የሚታወቀው ሰው ማለት ነው። በ1938 ለትውልድ አካባቢው ከተማ ሀሳብ ይዞ ሲመጣ 71 ዓመቱ ነበር።

ሀሳቡ ቀላል አልነበረም። መንገዱ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ከሀዲዱ በላይ አልፎ ሀይቁ ላይ የሚወጣ ግማሽ ክብ የሆነ ትልቅ የኮንክሪት መደብ ይሰራ ነው ያለው። ጣሪያው የአትክልት ቦታና መናፈሻ ይሆናል፣ ከጣሪያው ስር ማዘጋጃ ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ እስር ቤት ሳይቀር፣ ትልቅ አዳራሽ፣ የባቡር ጣቢያ፣ የጀልባ ማቆሚያ፣ የመኪና ማቆሚያ። ሁሉም በአንድ ህንፃ። የካውንቲው (ከተማዋንና ዙሪያዋን የሚያጠቃልለው አስተዳደር) ምክር ቤት ነገሩን በዛው ዓመት ድምፅ ሰጠበትና በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። አንድ ድምፅ! አንድ ሰውዬ እጁን ቢያነሳ ኖሮ የሚቀጥለውን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ችግሩ ምን ነበር

ሰው ሲያወራ "ከተማዋ የራይትን ጥበብ አልገባትም ነበር" ይላል። እኔ እንደዛ አላየሁትም። ሶስት የተለያዩ ችግሮች ነበሩ፣ በሽታው ደሞ ሶስቱ ተደባልቀው አንድ መምሰላቸው ነው።

አንደኛው ሰውዬው ራሱ ነው። ራይት በ1909 ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ከደንበኛው ሚስት ጋር ወደ አውሮፓ የሄደ ሰው ነው፣ ያ በዛ ዘመን በዛ አካባቢ ምን ያህል እንዳስወራ አስቡት። ዕዳ አይከፍልም የሚል ስም ነበረው፣ የአካባቢው ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ጦርነት አትግባ ብሎ በይፋ ይናገር ነበር፣ ተማሪዎቹም ለውትድርና አንመዘገብም ብለው የታሰሩ ነበሩባቸው። ልጁን ጦር ሜዳ የላከ ቤተሰብ ይሄን አይረሳም። እና ደሞ ምላሱ፣ ከተማዋን ሊያስጌጥ መጥቶ ከተማዋን ይሰድባል። በ1954 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታሊሰን ግብር መክፈል አለበት ሲለው ተናዶ ዊስኮንሲንን ለቅቄ እወጣለሁ አለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደጋፊዎቹ ማዲሰን ውስጥ የክብር እራት አዘጋጅተው ገንዘብ አሰባስበው ነው ያባበሉት። ከዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አንዱ ለብዙ አስርት ዓመታት ስራዬ ብሎ ሲከታተለው የኖረ የቀድሞ ወታደር ነበር፣ ይሄ ሰውዬ በቃ ራይትን ነበር የሚቃወመው፣ ህንፃው ሰበብ ነው። "ቂም ይዞ ጸሎት" የሚባለው በሁለቱም ወገን ነበር ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ከደጋፊዎቹ ውስጥም የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ በተራው ተቃዋሚን ሁሉ እንደ ጠላት ነበር የሚጽፍበት።

ሁለተኛው ሀይቁ ነው። ሀይቅ የህዝብ ነው፣ ውሃ ላይ ኮንክሪት ማቆም ይቻላል ወይ የሚለው እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ ስለ ራይት ምንም የማያውቅ ሰውም ሊጠይቀው የሚገባ።

ሶስተኛው ገንዘብ፣ እሱን ከታች እመለስበታለሁ ምክንያቱም ዋናው እሱ ነው።

ምን ምን ተሞከረ

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሀሳቡ እንደገና ተነሳና በኖቬምበር 1954 ለህዝብ ቀረበ። የ4 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ (ከተማዋ ገንዘብ የምትበደርበት ሰነድ) ይሸጥ ወይ፣ ቦታው ሀይቁ ዳር ይሁን ወይ፣ አርክቴክቱ ራይት ይሁን ወይ። ህዝቡ ሶስቱንም አዎ አለ። በ1956 ከተማዋ ከራይት ጋር ኮንትራት ፈረመች። እዚህ ጋር ታሪኩ ያለቀ ይመስላል አይደል?

አላለቀም። በ1957 ጉዳዩ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ጥያቄው ከተማዋ በአፈር የተሞላ የሀይቅ መሬት ላይ አዳራሽ መስራት ትችላለች ወይ የሚል ነበር። የፍርድ ቤቱ መልስ በጣም ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ዛሬም በውሃ ዳር ግንባታ ክርክር ላይ ይጠቀሳል። ፍርድ ቤቱ ይቻላል ወይ አይቻልም ብቻ ብሎ አልተወውም፣ ምን ምን እንዳየ ዘረዘረ፦ ቦታውን የሚቆጣጠረው የህዝብ አካል ነው፣ ለህዝብ ክፍት ይሆናል፣ የሚወሰደው ውሃ ከሀይቁ ጠቅላላ ስፋት አንፃር በጣም ትንሽ ነው፣ ሀይቁ እንደ ሀይቅ የሚሰጠው ጥቅም አይጠፋም፣ እዛች ቦታ ላይ መዋኘት ወይ ዓሳ ማጥመድ የሚፈልግ ሰው የሚደርስበት ቅሬታ ብዙሃኑ ከሚያገኘው ጥቅም ጋር ሲነፃፀር ኢምንት ነው። ስለዚህ ይቻላል።

ተቃዋሚዎቹ ፍርድ ቤት ሲሸነፉ ወደ ህግ አውጪው ዞሩ። በዛው በ1957 አንድ የግዛቱ ምክር ቤት አባል ያቀረበው ህግ ጸደቀ፣ በዛች የሀይቅ ዳርቻ ላይ የሚሰራ ህንፃ ከፍታው ከ20 ጫማ መብለጥ የለበትም የሚል። 20 ጫማ ወደ 6 ሜትር ነው፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት በሉት። አንድን ህንፃ ለመግደል ተብሎ የተሰፋ ህግ ነው፣ ማንም አልደበቀውም። በህዝበ ውሳኔ የተወሰነን ነገር ሌሎች ከተሞችን በሚወክሉ ሰዎች ድምፅ መሻር ማለት ነው፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ከጉዳዩ ሁሉ በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው።

ህጉን ለማሰረዝ ሁለት ዓመት ሄደ። በ1959 ተሻረ። ራይት በፌብሩዋሪ የመጨረሻውን ዲዛይን ፈረመ፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ ኤፕሪል 9 ቀን በ91 ዓመቱ ሞተ። ከ1938 ጀምሮ ያቺኑ ህንፃ እየደጋገመ ሲስላት ነው የሞተው።

ከዛ በኋላ ገንዘቡ መጣ። በ1961 ጨረታ ሲከፈት የቀረበው ዋጋ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። የተፈቀደው 4 ሚሊዮን። በዛው ዓመት ፕሮጀክቱን የሚቃወም ከንቲባ ተመረጠ፣ በ1962 ለህዝቡ ይቅር ወይ ተብሎ ቀረበለት፣ ይቅር አለ። ያው ህዝብ ነው እንግዲህ፣ ከስምንት ዓመት በፊት አዎ ያለው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ የራይት ተማሪዎች የነበሩ አርክቴክቶች ሰፋ ያለ የሀይቅ ዳርቻ ፕላን አወጡ፣ ጨረታው አሁንም ከበጀት በላይ ሆነ፣ ቀረ። በ1974 በሀይቁ ዳር አዳራሽ ለመስራት ሌላ ህዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ ወደቀ። ከዛ በኋላ ከተማዋ መሀል ከተማ ያለ አሮጌ ሲኒማ ቤት ገዝታ አድሳ በ1980 የባህል ማዕከል አድርጋ ከፈተችው። አብዛኛው ሰው ያኔ የራይት ነገር አለቀላት ብሎ ነበር።

ነገሩ እንዴት ተላቀቀ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ይሄ ነጥብ በሚገባው ልክ ሲወራ አልሰማሁም።

የ1938ቱን ዝርዝር አስታውሱ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ እስር ቤት፣ አዳራሽ፣ ባቡር ጣቢያ። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ዝርዝሩ ራሱን በራሱ ሲያራግፍ ነበር። የከተማውና የካውንቲው ቢሮዎች በ1950ዎቹ ሌላ ህንፃ ተሰራላቸው። የባቡር መንገደኛ ጠፋ፣ ሰው መኪና ገዛ፣ ጣቢያ የሚጠይቅ አልቀረም። ቲያትርና ሙዚቃ አሮጌው ሲኒማ ቤት ገባ። እያንዳንዱ ሲወጣ የራይት ደጋፊዎች ሽንፈት መስሏቸው ያዝኑ ነበር፣ ግን ህንፃውን ያዳነው ይሄው ነው። ሸክሙ ሲራገፍ አህያዋ መራመድ ቻለች።

በ1990 አካባቢ የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፣ ማዲሰን ኮንቬንሽን ሴንተር፣ ማለትም ትልቅ የስብሰባ ማዕከል፣ ያስፈልጋታል ወይ? መሀል ከተማው ስብሰባና እንግዳ የሚያመጣ ነገር ይፈልግ ነበር፣ ሆቴልና ሬስቶራንት ያላቸው ሰዎች ስለ ራይት ጥበብ ግድ ላይኖራቸው ይችላል፣ ስለ ስብሰባ እንግዳ ግን ግድ አላቸው። በወጣትነቱ በቬትናም ጦርነት ተቃውሞ የታወቀው ግራ ዘመሙ ከንቲባ ሀሳቡን አነሳው፣ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰው የነበረው የግዛቱ ገዥ ደገፈው። ሁለቱ በሌላ ነገር ላይ ብዙም የሚስማሙ ሰዎች አልነበሩም። ገንዘቡም ከአንድ ኪስ ሳይሆን ከከተማው፣ ከካውንቲው፣ ከግዛቱና ከግለሰብ ለጋሾች እንዲመጣ ተደረገ።

ተቃውሞ አልነበረም ማለት አይደለም። የሀይቁ ነገር እንደገና ተነሳ፣ ዳርቻው በድሮ ጊዜ በቆሻሻ ጭምር የተሞላ መሬት ስለሆነ አፈሩን መነካካቱ ያሰጋቸው ሰዎች ነበሩ፣ ወጪው ያሰጋቸውም ነበሩ። ሌላው ደሞ "ሰውዬው ከሞተ 30 ዓመት ያለፈው ህንፃ የራይት ነው ወይ?" የሚል ነበር፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን አንድ ነገር ተለውጧል፣ ራይትን በግል የሚጠላ ሰው በህይወት አልቀረም ማለት ይቻላል። እንደውም ስሙ ሀብት ሆኗል፣ ቱሪስት ይጠራል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው እዚህ በትክክል ሰርቷል።

በኖቬምበር 1992 ህዝቡ ድምፅ ሰጠ፣ አለፈ። የውጪው ቅርፅ ከ1959ኙ ዲዛይን ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ቀረ፣ የውስጡን ግን የራይት ተማሪ የነበረ አርክቴክት እንደ አዲስ ለኤግዚቢሽን፣ ለግብዣና ለስብሰባ እንዲሆን አድርጎ ሰራው። ህንፃው ጁላይ 18 ቀን 1997 ተከፈተ። ስፋቱ 250 ሺህ ስኩዌር ጫማ ነው፣ ወደ 23 ሺህ ካሬ ሜትር ማለት ነው፣ የፈጀው 67.1 ሚሊዮን ዶላር።

የሰራውና ያልሰራው

የሰራው ምንድነው ካላችሁኝ አንደኛ የህንፃውን ስራ ወደ አንድ ማጥበቡ ነው፣ ሁለተኛ ከተለያየ ጎራ የመጡ ሰዎች በተለያየ ምክንያት እንዲደግፉት ማድረጉ። አንዱ ለጥበብ፣ አንዱ ለቢዝነስ፣ አንዱ ሀይቁ ጋር መድረስ ስለሚፈልግ። ሁሉም በአንድ ምክንያት እንዲደግፍ አልተጠየቀም።

በጣም ያልሰራው የ1954ቱ 4 ሚሊዮን ነው። ያቺ ቁጥር የመጣችው የመጨረሻው ዲዛይን ሳይኖር ነው። ህዝብ ፊት ቁጥር ከጠራህ በኋላ ቁጥሩ ቃል ኪዳን ሆነ ማለት ነው፣ ከዛ ሰባት ዓመት በክርክርና በፍርድ ቤት አልፎ፣ ዋጋ ሁሉ ጨምሮ፣ ዲዛይኑም አድጎ፣ ሶስት እጥፍ ይዘህ ስትመጣ ደጋፊህ ራሱ ይሸሻል። ተቃዋሚዎቹ ህንፃውን በክርክር አላሸነፉትም፣ በማዘግየት ነው ያሸነፉት። ማዘግየት ደሞ ርካሽ መሳሪያ ነው፣ አንድ ክስ፣ አንድ ህግ፣ ሁለት ዓመት ሄደ፣ ሲሚንቶና ብረት እስከዛ ይወደዳል።

ራይት ራሱም አልረዳም። ደንበኛውን የሚያዳምጥ ሰው አልነበረም፣ ጥያቄ የጠየቀውን ሁሉ እንደ መሃይም ነበር የሚያየው። 1938 ላይ በአንድ ድምፅ ብቻ የወደቀ ነገር ነው እኮ፣ አንድ ሰው ቡና ጋብዞ ማሳመን ቢችል ኖሮ ይበቃ ነበር።

ከተከፈተም በኋላ ያልተሟላ ነገር ነበረ፣ ከህንፃው ጋር በድልድይ የተያያዘው ሆቴል የተከፈተው ከአራት ዓመት በኋላ በ2001 ነው። ትልቅ ስብሰባ የሚያዘጋጅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እንግዶቼ የት ያድራሉ ብሎ ነው፣ ይሄ ከመጀመሪያው አብሮ መሄድ ነበረበት።

ለኛ ዓይነቱ ኮሚቴ የሚወሰድ

እኛ ኮሚቴ ውስጥ አሁን ሶስት ነገር ለማድረግ እየሞከርን ነው። ሀሳብ ሲቀርብ ያቀረበው ሰው ስም አይጻፍም፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ሀሳቡ ብቻ ነው የሚሰፍረው። ልጅነት ይመስላል ግን ጭቅጭቁ በግማሽ ቀንሷል።

ሁለተኛው የዋጋ ቁጥር ነው። ንድፍ ሳይኖር ለአባላት ቁጥር አንናገርም ብለን ወስነናል፣ አንዳንዱ "ታዲያ ገንዘብ እንዴት ይሰበሰባል?" ብሎ ተቆጣ፣ እውነቱን ነው፣ ይሄ ቀላል አይደለም፣ ሰው ስንት እንደሚፈለግ ሳያውቅ አያዋጣም። ለጊዜው ለንድፉ ብቻ ትንሽ ገንዘብ እያሰባሰብን ነው፣ ትልቁ መዋጮ ከዛ በኋላ።

ሶስተኛው ዝርዝሩ ነው። የኛ አዳራሽ መጀመሪያ ላይ የሰርግ አዳራሽ፣ የልጆች የአማርኛ ትምህርት ቤት፣ ጂም፣ ክሊኒክ፣ ለእንግዳ ማደሪያ ምናምን ነበር። ልክ እንደ 1938ቱ። አሁን አዳራሽና ሶስት የትምህርት ክፍል ላይ ደርሰናል። ማደሪያ የሚሉት አዛውንት አባባ እስካሁን አኩርፈዋል፣ እሳቸውን የማናገር ስራ የተሰጠው ለኔ ነው፣ ቡናውን እኔ ነኝ የምጋብዘው።

ጣሪያው

ባለፈው ክረምት ለስራ ወደዛ ስሄድ ግማሽ ቀን ነበረኝና ህንፃውን ሄጄ አየሁት። የሚገርመው ከከተማው በኩል ስትመጣ ህንፃ አይመስልም። ከምክር ቤቱ ተነስተህ መንገዱን ይዘህ ስትወርድ መንገዱ ጫፍ ላይ ቀጥ ብለህ ጣሪያው ላይ ነው የምትገባው፣ ደረጃ እንኳን ሳትወጣ። ህንፃው ከእግርህ ስር ነው ያለው፣ ክብ ቅርፆቹንና ቅስት መስኮቶቹን የምታየው ከሀይቁ በኩል ሆነህ ወይ ከታች በእግረኛ መንገዱ ስትሄድ ነው። መኪናውና ሀዲዱ ከስር ያልፋሉ። መግቢያ አይከፈልም፣ አንዲት እናት ጋሪ እየገፋች፣ ምሳ የያዙ የቢሮ ሰራተኞች፣ ሁለት ልጆች እየተሯሯጡ።

ጣሪያው ላይ በ1967 ዲሴምበር 10 አውሮፕላኑ እዛው ሞኖና ሀይቅ ላይ ወድቆ ለሞተው ዘፋኝ ለኦቲስ ሬዲንግ መታሰቢያ አለ። ከዛ ወለሉ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ካያችሁ ጡቦቹ ስም አለባቸው፣ ሰዉ ገንዘብ እየከፈለ የእናቱን፣ የልጁን፣ የሞተ ዘመዱን ስም ያስቀረጸባቸው፣ ብዙ ሺህ ናቸው። በጀርባዬ የምክር ቤቱ ጉልላት፣ ከፊቴ ውሃው፣ እኔ ቆሜ የማላውቃቸውን ሰዎች ስም ሳነብ ስብሰባዬ ሊያመልጠኝ ነበር።